መንጋጋ ሲያም ፊዚዮቴራፒስት ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ትንሽ ሙከራ። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ የላይና የታች ጥርሶቻችሁ ተነካክተዋል? ከተነካኩ ብቻችሁን አይደላችሁም። እኔም ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ጥርሴን ገጥሜ ራሴን ይዤዋለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን የዛሬው ጉዳያችን ግማሹ እሷ ናት። ጥርስ ከጥርስ መገናኘት ያለበት ስናኝክና ስንውጥ ነው። ይህ ጊዜ በቀን ውስጥ ሁሉም ተደማምሮ ከ20 ደቂቃ ብዙም እንደማያልፍ ይገመታል። በቀረው ሰዓት የታችኛው መንጋጋ ማረፍ አለበት።

ሲያኝክ ፊቱን የሚያመው፣ ጠዋት ሲነሳ መንጋጋው ደርቆ የሚጠብቀው፣ አፉን ሲከፍት ጆሮው ሥር «ቀጭ» የሚልበት ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጥርሱን ነው። የጥርስ ሐኪሙ «ጥርስህ ደህና ነው» ይለዋል። ከዚያ ጆሮውን ያስመረምራል። እሱም ደህና ይሆናል። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም «ፊዚዮቴራፒ ጀምር» ሲለው ግራ ይገባዋል። ፊዚዮቴራፒ የወገብና የጉልበት አይደል እንዴ? አፍ ውስጥ ምን ሊያደርግ ነው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ የቱ ነው?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር ጉብ ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። እሱ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ ነው። ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው። በግራም በቀኝም አለ። ሁለቱም የአንድ አጥንት ጫፎች ስለሆኑ አንዱ ያለ ሌላው መሥራት አይችልም። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላውም ይንገዳገዳል።

ይህ መገጣጠሚያ ከክርንና ከጉልበት ለየት ይላል። አፋችሁን ትንሽ ስትከፍቱ አጥንቱ እንደ በር ማጠፊያ ባለበት ይዞራል። ሰፋ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ማዛጋት ማለት እንግዲህ ሁለት መሳቢያ በአንድ ጊዜ መሳብ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል ቀጭንና ጠንካራ ትራስ አለ። አጥንቱ ወደ ፊት ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፣ ሲመለስ አብሮት ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ናቸው። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ጉንጫችሁን ብትነኩ የሚጠጥረው ትልቁ ነው፤ ማሴተር ይባላል። ከጆሮ በላይ በራስ ቅል ጎን ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ቴምፖራሊስ ይባላል። ሁለት ደግሞ ከመንጋጋው በስተ ውስጥ ተደብቀዋል። ከእነዚህ አንዱ ነው ያንን «መሳቢያ» ወደ ፊት የሚስበው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር። «ቲኤምጄ አለብኝ» የሚል ሰው ያጋጥማል። ቲኤምጄ የመገጣጠሚያው ስም ነው፤ ሁላችንም አለን። እንዲያውም ሁለት ሁለት አለን። ሕመሙ ቲኤምዲ ይባላል። እሱም የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የጡንቻ ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተትና የመገጣጠሚያ መቆጣት በአንድ ጥላ ሥር የተሰበሰቡበት ስም ነው። አንድ ሰው ሁለቱ ወይም ሦስቱም ሊኖሩት ይችላል። በብዛት የሚታየው ግን የጡንቻው ነው።

ታዲያ ምን አመጣው?

ድሮ መልሱ አንድ ነበር፦ ጥርስ። በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም፣ የጆሮ ሕመምንና ማዞርን የኋላ ጥርስ ከማጣትና ከጥርስ አገጣጠም መበላሸት ጋር አያያዘው። ሕመሙ በስሙ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ብዙ ሰው ጥርሱ ተሞረደ፣ አገጣጠሙ «ተስተካከለ»። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ይህን ሐሳብ አልደገፉትም። ጥርሱ የተዛባ ሆኖ ምንም የማያመው ሰው ሞልቷል። ጥርሱ የተደረደረ ዕንቁ መስሎ መንጋጋው የሚያሰቃየውም አለ።

ዛሬ የሚታመነው ሕመሙ የብዙ ነገሮች ድምር ነው ተብሎ ነው። ቀን ጥርስ መግጠም፣ ሌሊት ማፋጨት፣ ምት፣ ጥርስ ሲታከሙ ረጅም ሰዓት አፍን ከፍቶ መቆየት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የአንገት ሕመም፤ ሁሉም የየራሱን ያዋጣል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። በብዛት የሚታየውም በ20 እና በ40 ዓመት ዕድሜ መካከል ነው።

ከሁሉም ብዙ ሰው የሚንቀው ቀን ጥርስ መግጠምን ነው። ማፋጨት ድምፅ አለው፤ አጠገብ የተኛ ሰው ይናገራል። መግጠም ግን ድምፅ የለውም። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ፣ መኪና እየነዳ፣ ተናዶ ዝም ብሎ፣ ሰው ለሰዓታት መንጋጋውን ያጠብቃል። ቡጢያችሁን ከጠዋት እስከ ማታ ጨብጣችሁ ብትውሉ ማታ ክንዳችሁን ምን ይሰማዋል? የጉንጭ ጡንቻም ያው ነው።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅስ?

ሕመም ከሌለውና አፍ በደንብ ከተከፈተ፣ ተዉት። ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዲስኩ ከቦታው ትንሽ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ሲወጣበት ነው። ምንም የማያማቸው ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ እስከ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ዲስኩ ከቦታው ተንሸራቶ ይገኛል። ስለዚህ ድምፁን ለማጥፋት ብቻ የሚደረግ ሕክምና ትርፉ ድካም ነው።

ልብ የሚባለው ሲቆልፍ ነው። ሲቀጭ የኖረ መንጋጋ አንድ ቀን ድምፁ ጠፍቶ አፍ ከተወሰነ ልክ በላይ አልከፈት ካለ፣ ዲስኩ ከፊት ቆሞ መንገድ ዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ቶሎ መታየት አለበት። ያስፈራል፤ ግን እዚህም ቢሆን አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

ችግሩ መንጋጋ ላይ ሆኖ ለምን ጆሮና ራስ ያማል?

የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚወስደው ዋናው ነርቭ አንድ ነው። አምስተኛው የራስ ነርቭ ይባላል። ጥርስን፣ መንጋጋን፣ ጉንጭን፣ የጆሮን አካባቢና ግንባርን ይሸፍናል። ወደ አንጎል ሲገባ ደግሞ ከአንገት የሚመጡት ነርቮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይደርሳል። ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት አንድ የበር ደወል ብቻ ቢኖረው አስቡት። ደወሉ ሲጮህ ማን እንደተፈለገ አይታወቅም። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ ከጉንጭ ጡንቻ የመጣውን ሕመም የጆሮ ወይም የጥርስ አድርጎ ይተረጉመዋል። ደህና ጥርሱን በከንቱ ያስነቀለ ሰው የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ምን ይደረጋል?

መጠየቅ ይበዛል። መቼ ጀመረ? ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? ጥርስ ትገጥማለህ? ትተኛለህ? ከዚያ ማስመሪያ ይወጣል። በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ጤነኛ አዋቂ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይከፍታል። ማስመሪያ ከሌለ ሦስት ጣት አቁሞ ማስገባት እንደ ግምት ያገለግላል፤ የራስ ጣት ግን መሆን አለበት።

መንገዱም ይታያል። አገጩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? ወደ አንድ ጎን ይሄዳል? ወይስ ጠመም ብሎ ወደ መሐል ይመለሳል? የመንጋጋ ጡንቻዎች በጣት እየተጫኑ ይፈተሻሉ። አንገትም ይታያል። በዚህ ጊዜ «ያቺ ናት! ያቺው ራሷ ሕመሜ!» ማለት የተለመደ ነው። ለባለሙያውም ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ተገኘ ማለት ነው።

ሕክምናው ራሱ ምን ይመስላል?

እውነቱን ለመናገር፣ ሲያዩት አያስደንቅም። ብልጭ ድርግም የሚል ማሽን የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

የሚጀመረው ማረፍን በማስተማር ነው። «ን» ለማለት ጀምሩና እዚያው ላይ ቁሙ። የምላሳችሁ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ላንቃ ላይ ሆነ አይደል? ምላስ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ፈታ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ። መንጋጋ የሚያርፍበት አቀማመጥ ይህ ነው። ከባዱ ነገር ማወቁ ሳይሆን ማስታወሱ ነው። ለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሯት ዘዴ አለች፦ ስልክ፣ ኮምፒውተርና መሪ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም ወረቀት መለጠፍ። ባያችኋት ቁጥር ጥርሳችሁን ትፈታላችሁ። የልጅ ጨዋታ ትመስላለች። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ሕክምና አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሷን ነበር የምመርጠው።

ቀጥሎ እጅ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጓንት አጥልቆ የጉንጭን ጡንቻ አንድ ጣት ከውስጥ፣ አንድ ጣት ከውጭ አድርጎ ይይዛል። የቋጠረውን ቦታ ያገኝና ቀስ ብሎ ይጫናል፣ እስኪለቅ ይጠብቃል። ለመገጣጠሚያው ደግሞ አውራ ጣቱን በታችኛው የኋላ ጥርሶች ላይ አድርጎ መንጋጋውን በልኩ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ፊት ይስባል። ለጥቂት ሰከንድ ይይዝና ይለቃል፣ ይደግማል። የሚሰማው ነገር መወጠር እንጂ ስለት የመሰለ ሕመም መሆን የለበትም። ከበዛባችሁ እጃችሁን አንሱ፤ አፍ ተይዞ መናገር ስለማይቻል ምልክቱን አስቀድሞ መስማማት ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። «ዲስኩን ቦታው መለሰልኝ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ባለበት ነው ያለው። የተለወጠው ሌላ ነው፦ ጡንቻው ላላ፣ ሕመሙን የሚያጎላው ነርቭ ረገብ አለ፣ መንጋጋው ሳይፈራ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዲስኩ ኋላ ያለው ሥጋም ጊዜ ሲያገኝ ጫናውን ይለምዳል። ሰው ሕመሙ የጠፋለት ዲስኩ ሳይመለስ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። የእጅ ሕክምናው በር ይከፍታል፤ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ቤት ውስጥ የምትሠሩት ነው። አንዱ ምላስን ላንቃ ላይ አጣብቆ፣ ሳይላቀቅ የሚቻለውን ያህል አፍ መክፈት ነው። ምላስ እዚያ እስካለ ድረስ መንጋጋው በብዛት እንደ ማጠፊያ ይዞራል፣ መሳቢያው ብዙም አይወጣም። የታመመው መገጣጠሚያ በረጋ መንፈስ ይለማመዳል ማለት ነው። ሌላው መስታወት ፊት የሚሠራ ነው፤ አገጭ ወደ ጎን ሳይሄድ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ዓይን እየጠበቀው። ሁለት ጣት አገጭ ሥር አድርጎ በቀስታ እየተቃወሙ ለመክፈት መሞከርም አለ። መንጋጋው አይንቀሳቀስም፣ ጡንቻው ግን ለ5 ሰከንድ ያህል ይሠራል። አፋቸው ለጠበበባቸው ደግሞ አውራ ጣትን በላይኛው፣ ሌባ ጣትን በታችኛው የፊት ጥርስ ላይ አድርጎ በቀስታ ማሳሳብ ይሰጣል።

ማሪያኖ ሮካባዶ የተባለ ቺሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት ያዘጋጀው «6 በ6» የሚባል የታወቀ ዘዴ አለ። 6 እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ጊዜ። ቁጥሩ የተቀደሰ አይደለም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፦ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመሥራት በቀን ደጋግሞ ጥቂት መሥራት ይሻላል። ልኩን ለማወቅ የሚረዳ ደንብ ይኸውላችሁ። ስትሠሩ ትንሽ ቢያምና ወዲያው ቢተው ችግር የለውም። በማግሥቱ ብሶ ከጠበቃችሁ ግማሹን ቀንሱ።

አንገት ምን አገባው?

ራሳችሁን ወደ ኋላ ጣል አድርጉና ጥርሳችሁን ቀስ ብላችሁ ግጠሙ። አሁን ደግሞ አንገታችሁን ደፍታችሁ ግጠሙ። የሚነካኩት ጥርሶች ተለዩ አይደል? የራስ አቀማመጥ ሲቀየር የመንጋጋው ማረፊያም ይቀየራል። በዚህ ላይ የነርቭ ግንኙነታቸውን ጨምሩበት። ለዚህ ነው አገጭን ወደ ኋላ ሰብሰብ ማድረግ፣ የትከሻና የማጅራት ልምምድም ከሕክምናው የሚካተተው።

ሙቀት፣ ማሽን፣ የጥርስ ሽፋንስ?

በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማድረግ ለጠጠረ ጡንቻ ጥሩ ነው። ገና አሁን ለደረሰ ምት ወይም እብጠት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ለአጭር ጊዜ።

ስለ ሌላው በ2023 ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። 3 ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ጥናቶችን አወዳድሮ ደረጃ ሰጥቷል። «አጥብቀን እንመክራለን» ካላቸው መካከል በባለሙያ ክትትል የሚሠራ የመንጋጋ ልምምድና ማሳሳብ፣ የአቀማመጥ ልምምድ፣ የመገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ፣ የጡንቻ ቋጠሮን በእጅ መፍታት፣ ለታካሚው በደንብ ማስረዳትና የቤት ውስጥ ልምምድ ይገኙበታል። አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክለው የሥነ ልቦና ሕክምናም እዚያው ነው። ይህ «ሕመሙ የሌለ ነገር ነው» ማለት አይደለም። ጭንቀት ጥርስን ያስገጥማል፣ እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያጎላል፤ በዚያ በኩል ያለውን ቧንቧ መዝጋት ነው።

ሊነሣና ሊጠለቅ የሚችለው የጥርስ ሽፋን፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራው ቴንስ፣ አነስተኛ ኃይል ያለው ሌዘርና የቦቶክስ መርፌ ግን «ባይደረጉ ይመረጣል» ከሚለው ወገን ተመድበዋል። ይህ ደካማ ምክር ነው፤ እንደ ሰውየው ሁኔታ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ለምሳሌ ሌሊት የሚያፋጭ ሰው ጥርሱ እንዳያልቅ ሽፋኑ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያ ግን ጥርስን መጠበቅ እንጂ ሕመምን ማከም አይደለም። አጥብቆ የከለከላቸውም አሉ። አንደኛው የጥርስን አገጣጠም እስከመጨረሻው የሚለውጥ ሽፋን ነው፤ ሌላው ዲስኩን ቆርጦ ማውጣት። ልብ ካላችሁ፣ ከላይ የተቀመጡት ርካሾቹና አሰልቺዎቹ ናቸው።

በቤት ውስጥ ምን ላቁም?

ማስቲካ። ጥፍርና እስክሪብቶ መንከስ። አገጭን በእጅ ደግፎ መቀመጥ። ሕመሙ በጠና ጊዜ ለስላሳ ምግብ፣ ትንሽ ትንሽ ጉርሻ፣ በሁለቱም ጎን ማኘክ። ለወራት ፈሳሽ ብቻ መኖር ግን አይመከርም፤ ያልሠራ ጡንቻ ይደክማል። ማዛጋት ሲመጣ ምላስን ላንቃ ላይ ማጣበቅ መንጋጋው ከልክ በላይ እንዳይከፈት ይይዘዋል።

ፊዚዮቴራፒ የማይጠበቅበት ጊዜ የቱ ነው?

መንጋጋ ያመመው ሁሉ ቲኤምዲ የለበትም። ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም፣ በተለይ ደረት መጨነቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለበት፣ የልብ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው አዲስ ራስ ምታት ከጀመረው፣ ሲያኝክ መንጋጋው ቶሎ ከደከመ፣ ራሱን ሲያበጥር ካመመው ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ፣ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ዓይን ያጠፋልና በዕለቱ መታየት አለበት። ትኩሳትና እብጠት፣ የፊት መደንዘዝ፣ ሳምንት በሳምንት እየጠበበ የሚሄድ አፍ፣ ከምት በኋላ የማይገጥም ጥርስ፣ ተከፍቶ የቀረ አፍ፤ እነዚህም ሐኪም የሚያያቸው ናቸው፣ ልምምድ የሚጀመርባቸው አይደሉም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የጡንቻ ሕመም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መርገብ ይጀምራል። ለዓመታት የቆየው ይዘገያል። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ደህና ሆኖ፣ አንድ የተጨናነቀ ሳምንት መጥቶ ይመልሰዋል። ያኔ «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማስመሪያው ነው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ለክታችሁ ጻፉ። መጀመሪያ 31 ሚሊ ሜትር የነበረ አፍ በስድስተኛው ሳምንት 38 ከሆነ፣ ያ ሳምንት ቢያምም ቁጥሩ አይዋሽም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በደንብ ሠርታችሁ ቁጥሩም ሕመሙም ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ምርመራው እንደገና ይታይ።